«ሳሊህ ባሕሩ» ጀልባ ሲያነሣ

ራሱን በማማት ሳሊህን የሚያህለው የለም። «ሰው በጉልበቱ አለቃ ይሆናል፤ እኔ በምላሴ ሆንኩ» ይላል። አልዋሸም። ከወሎ መጥቶ አዳማ ባቡር ጣቢያ ጫኝ ሆኖ ሊቀጠር ሲል፣ ቀድሞ የት እንደ ሠራ ጠየቁት። ድሬዳዋ ሦስት ወር ጆንያ ተሸክሟል። ከአፉ የወጣው ግን «ጂቡቲ ወደብ» የሚል ነበር። ድሬዳዋ ከደረሱ ጂቡቲ ምን ቀራት ብሎ ነው። ከዚያ ወዲያ ወሬው እግር አውጥቶ ሄደ፤ ሳሊህም ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ልብስ ያለብሰው ጀመር። መርከቡ ስንት ፎቅ እንዳለው አወራ፤ ስንት ጀልባ በመንጠቆ አንጠልጥሎ እንዳወረደ አወራ። በሁለት ዓመቱ የጫኞች አለቃ አደረጉት፤ ከተማውም «ሳሊህ ባሕሩ» አለው። ሚስቱ ዙለይካ ብቻ፣ «የእኔ ባሕረኛ ገላህን ታጠብ ሲሉት ብርድ ያመዋል» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1922 ዓ.ም. ክረምት ግን ባሕሩ ራሱ አዳማ ድረስ መጣ።

የመጣው በፉርጎ ተጭኖ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚኖር አንድ ግሪክ ያስመጣት ባለሸራ ጀልባ ነበረች። ርዝመቷ አሥር ክንድ ይሆናል፤ የሸራው ምሰሶ ተነቅሎ ጎኗ ተኝቷል፤ ከሆዷ ሥር እንደ ማረሻ የወጣ እንጨት አላት።

የጭነት ጸሐፊው አቶ ሙሉብርሃን ሳሊህን ጠርቶ፣ «እንግዲህ ቀንህ ነው» አለው። «ከፉርጎው አንሥተህ ካሚዮኑ ላይ አሳርፋት። ባለቤቷ፣ ከተሰነጠቀች ጠጋኝ የለኝም ብሏል። አለቃ የሆንከው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።»

«ይቺን?» አለ ሳሊህ። «ጂቡቲ ቢሆን ምሳ ሳልበላ እጨርሳት ነበር።»

ሦስት ጊዜ ዞራት። ያዩት ሰዎች ዕውቀቱን እየሰበሰበ መሰላቸው። እሱ ከየት እንደሚጀመር እየፈለገ ነበር። ዞሮ ዞሮ ያገኘው የሚያውቀውን ነው፤ የቆዳ እስር የሚነሣው ወገቡ ላይ ታስሮ ነው። ስለዚህ ሁለት ገመድ አንድ ላይ ወገቧ ላይ አዞረና ጫፋቸውን በእጅ በሚዞረው የጣቢያው ማንሻ መዘውር መንጠቆ ላይ ሰበሰበው።

ከጫኞቹ በዕድሜ የሚበልጠው ጉተማ፣ የአዋሽ ዳር ከብት አርቢ የነበረ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ውስጧን አየ። «አለቃ፣ ሌሊት የዘነበው ውስጧ አለ።»

«ኦቦ ጉተማ፣ ጀልባ ውኃ ትፈራለች እንዴ?»

ጫኞቹ ሳቁ። ሳሊህም ሳቃቸው ልብ ሰጠውና፣ «ሳቡ» አለ።

መዘውሩ ተንቋቋ፤ ጀልባዋ አንድ ክንድ ያህል ተነሣች። ያን ጊዜ ውስጧ ያለው ውኃ ወደ አፍንጫዋ ሮጠ። አፍንጫዋ አዘቀዘቀ። ገመዶቹ ከወገቧ እየተንሸራተቱ ላይ ላይዋን ጨመቋት፤ ጣውላዋ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ከአፍንጫዋ ሥር ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ የሚደግፍ ራህመቶ የሚባል ጫኝ ነበር።

ሳሊህ ሲናገር፣ «አንደኛው ልቤ ትንሽ ቀረ በርታ ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ አውርዱ ካልክ ለምን ብለው ይጠይቁሃል ይለኛል» ይላል። አለቃነቱ የቆመው በአንዲት የጂቡቲ ቃል ላይ ነው፤ ቃሏ ከወደቀች እሱም ጆንያ ወደ መሸከሙ ይመለሳል። የራህመቶን ጀርባ አየ።

«ራህመቶ፣ ከሥሯ ውጣ። ቀስ ብላችሁ አውርዱ።»

ጀልባዋ ወረደች። አቶ ሙሉብርሃን ቀረበ። «ምነው? ጂቡቲ እንዴት ነበር የምታነሧት?»

«ወላሂ ጂቡቲ አልደረስኩም» አለ ሳሊህ። «ባሕርም በዐይኔ አይቼ አላውቅ።»

ጉተማ የገመዱን ቋጠሮ እየፈታ፣ «እሱንማ እናውቃለን» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ወር። ስለ በርበሬ ወላሂ ትላለህ፤ ስለ ጆንያ ወላሂ ትላለህ፤ ስለ ዙለይካ ወጥ ሳይቀር ወላሂ ትላለህ። ስለ ጂቡቲ አንድ ቀን ብለህ አታውቅም። ፈጣሪውን የሚፈራ ውሸታም ነው ብለን ተውንህ።»

«ታዲያ ስምንት ዓመት ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ወሬው ጥሩ ነበራ።»

ሳሊህ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። መሬቷ ግን ሥራ ላይ ነበረች፤ ጀልባዋን ከነፉርጎው ተሸክማለች። «አንተ ታውቅበታለህ?» አለው ጉተማን።

«ጀልባ አላውቅም። አዋሽ ጭቃ የያዛትን ላም ግን አውጥቻለሁ።»

መጀመሪያ ውኃውን ቀድተው አደረቋት። ቀጥሎ ጉተማ ሰፋፊ ጠፍር አስመጣ፤ አንዱን ላም ብትሆን ከፊት እግሯ ኋላ፣ ሌላውን ከኋላ እግሯ ፊት በሚሆንበት ቦታ በሆዷ ሥር አሳለፈ። ወደ ጫፍ እንዳይንሸራተቱም ሁለቱን በጎንና በጎኗ በገመድ እርስ በርስ አያያዛቸው። ገበያ ከመጡ ገበሬዎች ሁለት ቀንበር ተዋሱና በየጠፍሩ ላይ፣ ከጠርዟ በላይ፣ አግድም አስገቡ፤ ጠፍሩ ጎኗን እንዳይጨምቅ። አፍንጫዋና ጭራዋ ላይ እንዳትዞር የሚይዝ ገመድ ታሰረ።

«ላምም ብትሆን ከሥሯ ሰው አይቆምም» አለ ጉተማ። «ስንዝር አንሡና ቁሙ።»

ስንዝር አነሡ። ቆሙ። ጉተማ ዞሮ አያት፤ አፍንጫዋ ከበድ ብሏል። አወረዷትና የፊተኛውን ጠፍር ጥቂት ወደ ፊት ገፋ። እንደገና ስንዝር። አሁን ቀጥ አለች። «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ» እያለ በአየር አሻገራትና ካሚዮኑ ላይ፣ ግራ ቀኝ ጭድ በታጨቀበት ጆንያ መካከል አሳረፋት። የሳሊህ ድርሻ የጭራዋን ገመድ መያዝ ነበር። በሥራው ዘመን እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ የያዘው ነገር የለም።

ካሚዮኑ ሲሄድ አቶ ሙሉብርሃን፣ «ለጣቢያው ሹም ምን ልበል?» አለ።

ሳሊህ የአለቃነቱን ፊሽካ ከአንገቱ አውልቆ ለጉተማ ሰጠው። ጉተማ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ነፋ። የፊት ጥርሱን ወይፈን ረግጦ ካወለቀበት ቆይቷል፤ የወጣው ባዶ አየር ነው። እንደገና ነፋ። ራህመቶ እስኪያንቀው ሳቀ።

ጉተማ ፊሽካውን በጋቢው ጠርጎ መለሰለት። «አለቃው እኔ ልሁን፤ የምትነፋው አንተ ነህ። ዐይኔን ሳታይ ግን እንዳትነፋ።»

አቶ ሙሉብርሃንም እንደዚያው ጻፈ።

ዛሬም ፉርጎ ሲራገፍ ሳሊህ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዐይኑን ጉተማ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ጉተማ አንዳንዴ ሆን ብሎ ያዘገየዋል።