የግፊት ሰዎች

የኛ የሐበሾቹ ክርስቲያኖች መቃብር ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። ሴት ልጄን እዚያ ነው የቀበርኳት፤ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላት ወባ ወሰደብኝ። እሑድ እሑድ እየሄድኩ አጠገቧ እቀመጥ ነበር።

አንድ ክረምት ቦታው ለሰሊጥ መጋዘን ተሰጠ፣ ዝናቡ ሲያባራ ግሬደር ይገባበታል የሚል ወሬ መጣ። እድራችን ተሰበሰበ። ሊቀመንበራችን አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ጆሯቸው ከሬዲዮ የማይነቀል ሽማግሌ ናቸው። ዴሞክራሲ ባለበት አገር ሕዝብ ተደራጅቶ መንግሥትን ይጫናል፣ ይህም የግፊት ቡድን ይባላል ብለው አስረዱን። ከዛሬ ጀምሮ እኛም የግፊት ቡድን ነን አሉ። ዴሞክራሲው የታለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እውነቴን ነው፣ እኔ ደስ አለኝ። ልጄን የሚያስጥልልኝ ነገር የተገኘ መሰለኝ።

ጥቂት ሆነን መሐሊያ ወደሚሉት የአስተዳደሩ ቢሮ ሄድን። በረንዳው ላይ እንደተገተርን ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። በመሃል የሰሊጥ ነጋዴዎች ማኅበር መጣ፤ ነጭ ጀላቢያ ከነጥምጥሙ። በር ተከፈተላቸው፣ ሻይ ገባላቸው፣ እየተሳሳቁ ወጡ። ያኔ አልገባኝም እንጂ የግፊት ቡድን ማለትስ እነሱ ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እንኳ አልሰማሁም።

ተራችን ሲደርስ ሊቀመንበራችን ጉሮሯቸውን ጠራርገው በዐረብኛ «እኛ ናስ ደግጥ ነን» አሉ። የግፊት ሰዎች ነን ማለታቸው ነው። ደግጥ ግን በሱዳኖቹ አፍ የደም ግፊት በሽታም ነው። ሙዲሩ፣ ኃላፊው ማለት ነው፣ ከልቡ አዘነልን። ጨው ቀንሱ፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ከገበያው ወዲያ ነው አለን። ከኛ መሃል ሳቁን የዋጠ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ በሰባራ ዐረብኛዬ የመቃብሩን ነገር ዘረገፍኩለት። ልጄ እዚያ ናት አልኩት። ክፉ ሰው ቢሆን በተሻለኝ! ረግሜው እገላገል ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እህቴ፣ ነጋዴዎቹ ቢያኮርፉ ገበያው ይዘጋል። እናንተ ብታኮርፉ ምን ይዘጋል?»

ምን እንዘጋለን ብዬ በልቤ ቆጠርኩ። ድምፃችንን እንዳንነፍገው፣ ስደተኛ አይመርጥ። ሥራ እንዳናቆም፣ እኛን የሚተካ ከመተማ በየቀኑ ይሻገራል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተረት እናቴ ስትለው እናደድባት ነበር። ለካ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችውን ነው የነገረችኝ።

የተፈቀደልን ዐጽም ማፍለስ ብቻ ነበር። ለመቅበር የተቋቋመ እድር ዶማና አካፋውን ይዞ ሊያወጣ ሄደ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። የትልልቆቹን አገኙ፤ ቤተሰብ እያለቀሰ በነጠላ እየጠቀለለ ተቀበለ። የልጄ ጋ ሲደርሱ ወንዶቹ ቆፈሩ፣ ጎን ለጎንም ቆፈሩ። ዋልካ መሬት ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የሕፃን አጥንት የት ያደርሰዋል? ምንም የለም። አንዱ ዶማውን ጥሎ ፊቱን አዞረ።

ሊቀመንበራችን ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር ዘገኑና ወደ ዘረጋሁት ነጠላ አመጡት።

«ይህንን ያዢ፣ ልጄ» አሉኝ።

ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

«ይተዉት፣ አባቴ» አልኳቸው። «አፈሩ የነሱ ነው።»