በበዓለ ሃምሳ የጾሙ መራጮች

ከአናሳ ጎሳ የወጣ ሰው ለትልቅ ሥልጣን ይመረጣል፣ አይመረጥም እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ለምን አይመረጥም? አባቴ ተመርጦ ነበር፤ ያውም ያለ አንድ ተቃውሞ። የተመረጠው በደርግ ጊዜ፣ ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማችን፣ ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ነው። ቀበሌ ምን ሥልጣን አለው የሚል ያን ዘመን አያውቀውም። ስኳር የሚያድለውም፣ የሚያስረውም፣ የሚፈታውም ሊቀመንበሩ ነበር። ከእግዜር ቀጥሎ እሱ ነው እንዳልል፣ እግዜርንም በዚያ ሰሞን ከሥራ አሰናብተውት ነበር።

አባቴ ከሸክላ ሠሪ ወገን ነው፤ እናቴም እንደዚያው። አያቴ የሠራችው ድስት የሌለበት ጓዳ በሰፈራችን አይገኝም። ድስቱን ይገዛሉ፣ ወጡን ይሠሩበታል፣ ከሠሪዋ ጋር ግን አንድ ገበታ አይቀርቡም። ለምን ቢባል መልስ የለውም፤ ነውር ነው፣ አለቀ። አባቴ ተምሮ የክሊኒክ ድሬሰር ከሆነ በኋላም ያው ነው። ለአባቴ መርፌ ሱሪያቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ለእናቴ እንጀራ አፋቸውን አይከፍቱም ነበር። ጉድ እኮ ነው!

እናቴ በዚያ ሰፈር ከተዳረች ጀምሮ ቤቷ ገብቶ የበላላት ጎረቤት የለም። ለቅሶ ቤት ወጥ ልትሠራ ስትነሣ፣ ሴቶቹ በፈገግታ እንጨት እንድታመጣ ይልኳታል። ትሄዳለች፤ እንጨቱን አምጥታ ጥግ ትቀመጣለች። ይህን ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁንም ይፈላል።

የምርጫው ስብሰባ እሑድ ነበር። ከአዳራሹ ደጅ አንድ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ጸሐፊ፣ ከሰሜን የመጡ ጨዋ ሽማግሌ፣ ለጓደኛቸው «መርፌውስ ይሁን፣ ማኅተም ግን ለሸክላ ሠሪ ይሰጣል?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውስጥ ገባን። ካድሬው ሽጉጡን እንደታጠቀ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ዘመኑ የጭቁኖች ስለሆነ ከጭቁን ሁሉ ጭቁን የሆነውን አባቴን እንድንመርጥ አስረዳን። አስረዳን ልበል እንጂ ነገረን። ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው አባቴን ያወደሱት እኚያው ጡረተኛ ናቸው። እጅ አውጡ ሲባል ቤቱ ሁሉ እጅ ብቻ ሆነ። የሚቃወም አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚያስል እንኳን ጠፋ።

አባቴ እየበረረ ቤት ገባ። ዘር መቁጠር የሚባለው ነገር ከፊውዳሉ ጋር ተቀብሯል ብሎ ለእናቴ ሰበከላት። እናቴ እንጀራ እያጠፈች ሰማችውና፣

«እጅ ማውጣትማ ምን አለበት፤ ያወጡትን እጅ ወጤ ውስጥ ያስገቡ እንደሆነ እናያለን» አለችው።

አባቴ ይኼን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ ብሎ በሳምንቱ እሑድ ሰፈሩን ሁሉ ምሳ ጠራ። በግ ታረደ። እናቴ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። ምናልባት ጾም ነኝ የሚል ቢኖር ብዬ ምስርና ጎመን ጭምር እንድትሠራ መከርኳት፤ «በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል?» ብላ ሳቀችብኝ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ቢሆንም ሠራችው።

ሁሉም መጡ። ሊቀመንበር ጠርቶ ማን ይቀራል? ማስታጠቢያውን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። ጡረተኛው እጃቸውን በደንብ ታጠቡ፣ አደረቁ፤ ጾም መሆናቸው ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ስእለት አለብኝ አሉ። የጾም ወጥ እንዳለ እናቴ ስትነግራቸው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አልቀምስም አሉ። አጠገባቸው ጴንጤው ጎረቤታችን ነበር። በዚያ ዘመን የጌታን ስም ከቤቱ ውጪ ለማንሣት የሚፈራ ሰው፣ ያን ቀን ካድሬው ፊት ደረቱን ነፍቶ «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አለ። እምነቱን ያስመሰከረው የእናቴ በግ ነው። ኧረ ካድሬውስ! እግዜር የለም ብሎ ያስተማረን ካድሬ፣ አንገቱን ደፍቶ እሱም እንደሚጾም ነገረን። በእሑድ! በሃምሳው! ቄሱ ቢሰሙ ሁሉንም ያወግዟቸው ነበር።

አንድ ሰው አልቆረሰም። ለስላሳ በጠርሙሱ ጠጡ፣ አብዮቱን አመሰገኑ፣ ተሰናብተው ሄዱ። አብዮት ልጆቿን ትበላለች ይባል ነበር፤ የእናቴን ወጥ ግን አብዮቱም አልቀመሰው። አባቴ ባዶ ወንበሮቹ መሀል ተቀምጦ ቀረ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ወጡን በሳህን ሞልታ ነጠላዋን ደረበችና ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወጣች። ተከተልኳት።

እስር ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ። የሙሽራ ሱፍ ሲጨርስ የምርጫው ስብሰባ አምልጦት፣ ከስብሰባ በመቅረቱ ካድሬው አሳስሮት ነበር። የሊቀመንበር ሚስት ናትና ጠባቂው በሩን ከፈተላት። ልብስ ሰፊው በላ። ምን መብላት፣ ጣቱን ላሰ፣ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገ፣ ይጨመርልኝ አለ። እናቴ ፊቱ ቁጢጥ ብላ ሲያኝክ ታየው ነበር። በመንገድ ስንመለስ «በላልኝ እኮ!» ትላለች ደግማ ደጋግማ። እጄን ይዛ እንደ ልጅ ትዘል ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወሰደችለት። ቁርስም ምሳም። የምትሠራው እየተሻሻለ ሄዶ እኛም ቤት ተጠቀምን። አባቴ በሳምንቱ ማብቂያ፣ ካድሬው ለሥራ ወጣ ሲል ልብስ ሰፊውን ሊፈታው እንደሆነ ነገራት።

«ከፈታኸው ማን ይበላልኛል?» አለችው።

አባቴ ሳቀ። ቆይቶ ግን መሳቁን ተወ። በማግሥቱ ፈታው።

ሁለት ቀን እንደቆየን እናቴ የኔን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማሰፋት ብላ ወደ ሱቁ ይዛኝ ሄደች። ጨርቁ ሰበብ ነው። ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ ነበር፤ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ጡረተኛውና ሌሎች የሰፈር ሰዎች ተቀምጠዋል። እንዳየን ብድግ ብሎ እጅ ነሣት፣ ጨርቁን ተቀበለ፣ ሊቀመንበሩን አመሰገነ። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማት፣

«ዛሬ ምሳ እኛ ቤት ና እንጂ። የምትወደውን ሠርቻለሁ» አለችው።

ልብስ ሰፊው አግዳሚውን አየ። አግዳሚውም እሱን አየው። ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካከለ።

«እትዬ፣ ጾም ላይ ነኝ» አላት።

በዓለ ሃምሳው ገና አላለቀም ነበር። እናቴ ጾምህን ይቀበልልህ ብላ መርቃው ወጣን። እስከ መንታ መንገዱ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። እዚያ ስንደርስ ቆመች።

«አባትሽን መልሶ እንዲያስረው ልለምነው እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ቀና ብዬ ሳያት እሷ አልሳቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ቀበሌው የሚወስደውን መንገድ ታያለች።