በሰሊጥ አገር አይጥ ስናረባ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ አይጥ እናረባ ነበር ስል፣ መተማን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። አይፈረድበትም። ሰሊጥ በጆንያ ተከምሮ በሚያድርበት፣ ጥሩ ድመት ያላት ሴት በምትከበርበት ከተማ አይጥ ማርባት የጤነኛ ሰው ሥራ አይመስልም። አባቴ ግን የባዮሎጂ መምህር ነበር። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ስላልነበረው ተማሪዎቹ እንስሳ እንዴት እንደሚራባ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው። ይህ ሲያንገበግበው ኖሮ አንድ ክረምት ከጎንደር ሲመለስ ወንድና ሴት ነጭ አይጦች በካርቶን ይዞ መጣ።

የመጀመሪያውን ቤታቸውን ከሽመል ሠራነው። አባቴ ይሰነጥቃል፣ እኔ በሲባጎ አስራለሁ። ባልና ሚስቱ ሲነጋ ግማሹን በልተውት አገኘን። አባቴ ይናደዳል ስል ሳቀና ከአሮጌ ሳንቃ ሳጥን መታ፤ ፊቱን በወንፊት ሽቦ ሸፈነው። መመገቢያው ከሱዳን የሚመጣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። ማሽላው ትንሽ በትንሹ እንዲወርድ ከግርጌው ቀደደው፤ አፋቸውን እንዳይቆርጣቸው ጠርዙን እየቀጠቀጥኩ የማጥፈው እኔ ነበርኩ። ውኃው ደግሞ ከተገለበጠ ሃይላንድ፣ በክዳኑ በተሰካ የእስክሪብቶ ቀፎ ጠብ ጠብ ይልላቸዋል። አባቴ እንደዚያ ሰሞን ከእኔ ጋር ብዙ ያወራበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጎረቤታችን ጋሽ ታፈረ ሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። መጋዘናቸውን ከግቢያችን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ወሬው እንደደረሳቸው መጥተው ደጃፋችን ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ እኔ ዕድሜ ልኬን አይጥ ስፈጅ ኖሬ፣ እርስዎ አጠገቤ ያራቡልኝ?»

«የእርስዎን ሰሊጥ የሚበላው የአገሩ አይጥ ነው» አለ አባቴ። «አይጥ በበላ ዳዋ ለምን ይመታል?»

ጋሽ ታፈረ አልሳቁም። አዲሱ ሰሊጥ መግባት ጀምሯል። አንዲት አይጥ አጥሩን ካለፈች ሁሉንም በመርዝ እንደሚጨርሱ ተናግረው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም መጀመሪያ የምነካው የሳጥኑን መቀርቀሪያ ሆነ።

እናቴ ከእሳቸው ጋር ወግና ነበር። የሴቷ አይጥ ሆድ እየገፋ ሲመጣም ፊቷን አዙራ ታልፋለች። አንድ ቀን ግን አራሷን የጋሽ ታፈረን ሚስት ጠይቃ ስትመለስ፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ ሳጥኑ ዘንድ ጎንበስ ብላ ቆየች። የደባርቅ ልጅ ናት። በእነሱ አገር አራስ ብርድ እንዳይመታት በር ይዘጋል፣ ቀዳዳ ይደፈናል።

«ወላድ እንዲህ ለነፋስ ተሰጥታ? ኧረ በማርያም!» አለችና ጥጥ ጎዘጎዘችላት፤ የሽቦውን ፊት በጆንያ፣ በላዩ ደግሞ በአሮጌ ጋቢ ሸፈነችው። አባቴም የዚያው የደጋ ሰው ነውና «ልክ ብለሻል» ብሎ ዳርዳሩን ጠቀጠቀ። ይህ ሁሉ የሆነው መተማ ላይ ነው፤ እኛ ራሳችን ሙቀቱን ሸሽተን ደጅ፣ ከራኩባው የሣር ጥላ ሥር በምንተኛበት ወር። አባቴ ያን ጊዜ ባዮሎጂውን የት እንዳስቀመጠው እስካሁን ይገርመኛል።

በማግስቱ ጋቢውን ስናነሣ ወንዱ ጥግ ላይ ተዘርሮ ያለከልካል። ሴቷ የለችም። ከጥጡ ሥር ሳንቃውን በልታ ወጥታለች። አልጋ ሥር፣ እንጨት ክምር ውስጥ፣ ያላየንበት የለም። በመጨረሻ ሦስታችንም የቆርቆሮውን አጥር ማየት ጀመርን። እናቴ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» አለች፤ ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም። እኔማ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታፈረ መጡ። አባቴ ይቅርታ ሊል ሲነሣ በእጃቸው አስቆሙትና «ኑ፣ እዩ» አሉን። መጋዘኑ ጨለም ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ የአዲስ ሰሊጥ ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ነጯ አይጥ ከአንዱ ክምር ሥር የጆንያ ክር ሰብስባ ጎጆ ሠርታለች። ፀጉር ያላወጡ፣ ቀያይ ልጆቿን ታጠባለች። አንድ የጎጃም የቀን ሠራተኛ አካፋ ይዞ በላይዋ ቆሟል።

«ልምታት ጋሼ?» አላቸው።

እሳቸው ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ቀያዮቹን ልጆች አዩ። የአባቴን እጅ ያዝኩ።

«ተዋት» አሉ በመጨረሻ። «ቤቴ አራስ ተኝታ እኔ አራስ አላስገድልም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ትወስዷቸዋላችሁ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ፣ መምህር።»

በዚያ ጥድፊያ፣ መኪና በር ላይ ቆሞ በሚጭንበት ሰሞን፣ ያ ክምር ሳይነካ ቆየ። ሠራተኞቹ ይሳሳቁ ነበር። እኔ በየቀኑ ማሽላና ውኃ ይዤ ስገባ፣ ጋሽ ታፈረ በሩ ላይ ቆመው እስክወጣ ይጠብቁኛል። አንድ ቀን ብቻ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ «ሁሉም ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው ጋሼ።»

ልጆቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ ከነእናታቸው ወስደን አባቴ የሚያስተምርበት ክፍል አስገባናቸው። ጋሽ ታፈረ እስካረፉ ድረስ አይጥ እንደጠሉ ኖሩ።

እኔ ዛሬም መተማ ነኝ። የቆርቆሮው አጥር ፈርሶ ግንብ ተሠርቷል፤ ከግንቡ ማዶ ያሉት ሰዎችም ከየት እንደመጡ አላውቅም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ቀረ፤ እኔም አልጠየቅሁም። ባለፈው ሰሞን ግን ከማዶ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ፤ ገና የተወለደ ጨቅላ ድምፅ። ገንፎ አገንፍቼ፣ ቅቤውን አፍስሼ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ከግንቡ በር ደረስኩ። ላንኳኳ እጄን አንሥቼ ቆምኩ፤ ማን ብዬ እንደምጣራ ጠፋኝ።