ተመችቶኛል ያልኩት ቦርሳ

ሥራ የጀመርኩት የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ድርጅቱ ለእግር ተጓዦችና ፈቃድ ላላቸው አዳኞች ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የጀርባ ቦርሳ ያከራያል። ተሸካሚና አብሳይም ይመድባል። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ አቶ መኮንን ባዶ ቦርሳና የዕቃ ክምር ፊቴ አስቀመጡና "እሰር" አሉኝ። ድስቱንና ጣሳውን ከታች፣ ብርድ ልብሱን ከላይ አድርጌ አሰርኩ። ጀርባዬ ላይ ሰቅለው ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሩኝና ሁሉንም ዘረገፉት።

"ከባዱ ዕቃ ጀርባህን ይጠጋ፣ በትከሻህ መሐል። ለስላሳው ከታች። እንደገና!"

ያን ቀን ስድስት ጊዜ አስሬ ስድስት ጊዜ ተዘረገፈብኝ።

ሰባት ዓመት ተሸካሚ ሆኜ ሠራሁ። ባሌንም ሰሜን ተራሮችንም በእግሬ አውቃቸዋለሁ። ጉልበቴ ማስቸገር ሲጀምር አቶ መኮንን የዕቃ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። ቁልፉ፣ ሚዛኑና መዝገቡ በእኔ እጅ ገቡ። ለደንበኛ ቦርሳ የምመርጠውም እኔ ነበርኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የቦርሳ ምልክት አነባለሁ፤ ይህ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ያኛው ከምን ጨርቅ ተሠራ፣ ሁሉንም አስረዳለሁ። ረጅም ሰው ሲመጣ ትልቁን፣ አጭር ሲመጣ ትንሹን አወርዳለሁ። ብዙ ዓመት እንዲህ ስሠራ ማንም ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አያልነሽ ተቀጠረች። የተቀደደ ድንኳንና የተበጠሰ ማንገቻ እንድትሰፋ ነበር የመጣችው። አርባዎቹን የጀመረች፣ አጠር ያለች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በገመድ አስራ፣ በጀርባዋ ወደ ከተማ ስታወርድ ኖራለች። ማንበብ አትችልም ነበር። መጀመሪያ ላይ አዘንኩላት፤ ምሳዬንም አካፍያታለሁ።

አንድ ቀን ወደ አርሲ ለአደን የሚሄድ ኢንጂነር መጣ። በጣም ረጅም ሰው ነው። የመጋዘኑን ትልቁን ቦርሳ አውርጄ ሃያ ኪሎ ሞላሁለት። ግቢ ውስጥ ትንሽ እንደተራመደ ማንገቻውን በሁለት እጁ ከትከሻው ላይ ማንሳት ጀመረ።

"ይለመዳል" አልኩት።

አያልነሽ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ ቦርሳ ለእርስዎ ረዝሟል።"

"እሳቸው እኮ በሩን ጎንበስ ብለው ነው የገቡት!" አልኳት።

"የረዘመው እግራቸው ነው፣ ጋሼ ኃይሉ። ጀርባቸው አጭር ነው።"

ተነሥታ ክር አመጣች። ኢንጂነሩን አንገቱን እንዲደፋ ጠይቃ፣ አንገቱ ሥር ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት እስከ ዳሌው አጥንት አናት ድረስ ለካች። ክሩን ይዛ መጋዘን ገባችና መካከለኛውን ቦርሳ ይዛ ወጣች። ያንኑ ዕቃ ሞላችበት። መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ በዳሌው አጥንት ላይ አጥብቃ አሰረች፤ ማንገቻውን የሳበችው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቷን በማንገቻውና በትከሻው መካከል ስታስገባው እንደ ልብ አለፈ።

ኢንጂነሩ ግቢውን ዞሮ መጣና ሳቀ። "ዕቃውን ቀነሳችሁት እንዴ?"

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ ያን የክር አለካክ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት።

"ማን ያስተምረኛል? ሃያ ዓመት ያለ ቦታው ተሸክሜ የት የት እንደሚያም አወቅሁ" አለች። ኩራት አልነበረባትም። ብትኮራ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ "ያቺ የምትለካዋ ሴትዮ የለችም?" ማለት ጀመረ። እኔ ቁልፉን ይዤ እቆማለሁ። ከላምበረት የልብስ ሰፊ ሜትር ገዛሁና የሰው ጀርባ በሴንቲሜትር እየለካሁ ጮክ ብዬ ቁጥሩን መናገር ጀመርኩ። አያልነሽ ግን ክሯን በየቦርሳው ልክ ቋጠሮ በቋጠሮ አድርጋ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ከእኔ ቀድማ ትጨርሳለች። ባለቤቴ አንድ ቀን ስልኬን ረስቼ ሄጄ ኖሮ ልታደርስልኝ መጣችና አያልነሽን አገኘቻት። ማታ "እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት!" አለችኝ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ።

አቶ መኮንን ለተሸካሚዎቻችን አሥራ ሁለት አዲስ ቦርሳ ለመግዛት አሰቡ። አስመጪው ሁለት ዓይነት ናሙና ላከ። አንዱ ትልቅ፣ ኪሱ ብዙ፣ ዘለበቱ የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን የጀርባው ፍሬም እንደ ተሸካሚው ጀርባ ይረዝማል ያጥራል፣ ቀበቶውም ወፍራም ነው። እኔ ገና እንዳየሁት ተራውን ወደድኩት። አፌን ልከፍት ስል አያልነሽ ቀደመችኝ።

"ይኼኛው ነው" አለች፣ ተራውን በእጇ እየነካች።

"እኔ ደግሞ ትልቁን ነው የምለው" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

አቶ መኮንን ሁለታችንንም አዩን። "እንግዲያው ተሸክማችሁ ንገሩኝ" አሉ።

በማግሥቱ በየቦርሳው ሃያ አምስት ኪሎ ጫንን። ከየካ ሚካኤል ሽቅብ ወጥተን፣ የተራራውን ጀርባ ይዘን እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ልንሄድ ነው። አቶ መኮንን በመኪና ቀድመው እዚያ ሊጠብቁን ተስማማን። የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ የትልቁ ቦርሳ ቀበቶ ተንሸራትቶ ሆዴ ላይ ወጣ። ጭነቱ በሙሉ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። አጥብቄ ሳስረው ስስ ጠርዙ ወገቤን ይልጠኛል፤ ሳላላው ማንገቻው ብብቴን ይቆርጠኛል።

"እንዴት ነው?" አለችኝ፣ ባሕር ዛፎቹ መሐል ቆማ እየጠበቀችኝ።

"ተመችቶኛል።"

ሌላ ዳገት ወጣን። የግራ እጄ ጣቶች ይነዝሩኝ ጀመር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

"ጋሼ ኃይሉ፣ ከፈለጉ እንቀያየር። እኔ ምንም አይለኝም።"

"ተመችቶኛል አልኩሽ እኮ!"

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ፊት ፊቴ ትሄዳለች፤ ቦርሳው ጀርባዋ ላይ አይወዛወዝም፣ ትንፋሿም አይቆራረጥም። ከቁስሌ ይልቅ ያ አካሄዷ ነበር የሚያቃጥለኝ። እኔ የዚህ ሥራ ሰው ነኝ እላለሁ፤ አረማመዷን አይቼ ግን እንደማልደርስባት አወቅሁ።

እንጦጦ ስንደርስ አቶ መኮንን መኪናቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አያልነሽ ስለ ተራው ቦርሳ ጥሩውንም መጥፎውንም ነገረቻቸው፤ የላይኛው ዚፕ ደካማ እንደሆነ እንኳ አልደበቀችም። ወደ እኔ ዞሩ።

"ትልቁ እንከን የለውም" አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነህ? አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው።"

"እርግጠኛ ነኝ።"

አያልነሽ አየችኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ እንደነበረ አይታለች። አቶ መኮንን ስንት ዘመን አብረን እንደሠራን አስበው መሰለኝ፣ የእኔን ቃል ተቀበሉ። ቤት ገብቼ ሸሚዜን ሳወልቅ የወገቤ ቆዳ ከሸሚዙ ጋር ተላጠ።

አሥራ ሁለቱ ቦርሳዎች መጡ። ተሸካሚዎቹ ተቀብለው ለአሥር ቀን የአደን ጉዞ ወደ ባሌ ወረዱ። ሲመለሱ ከፊሎቹ ወገባቸው ቆስሏል። ደሳለኝ የሚባለው ጎበዝ ተሸካሚ ግን የባሰበት ነገር ነበር። የታደነውን አጋዘን ቀንድና ቆዳ ሁለት ቀን ሙሉ የተሸከመው እሱ ነው። መጋዘን መጥቶ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ልክ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ።

"አልነሣ አለኝ፣ ጋሼ። ሐኪሙ ማንገቻው ነርቩን ተጭኖት ነው አለ።"

የከፈትኩትን መዝገብ ዘጋሁት።

"መጀመሪያው ቀን ላይ ሲያመኝ ልናገር አስቤ ነበር። ግን ጓደኞቼ ጋሼ ኃይሉ ራሳቸው እንጦጦ ድረስ ተሸክመው ሞክረውታል ሲሉኝ፣ ችግሩ የእኔ ነው አልኩና ቻልኩት።"

አያልነሽ የስፌት መኪናዋን አቆመች። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ ግን ተነሥታ ለደሳለኝ ወንበር አመጣችለትና ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

አቶ መኮንን ቢሮ ገባሁ። "ቦርሳው እንጦጦ የሄድን ዕለት እኔንም አቁስሎኝ ነበር። እጄም ደንዝዞ ነበር" አልኳቸው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አያልነሽ ቀድማ ስለመረጠች።"

መቆጣትም አልቻሉም። "በዚህ ምክንያት?" አሉ ብቻ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። በማግሥቱ ለአያልነሽ ሰጧት።

ከሥራ አላባረሩኝም። አሥራ ሁለቱን ቦርሳ አያልነሽ ፈትታ፣ ቀበቶዎቹን በወፍራም ስፖንጅ ሠርታ እንደገና ስትሰፋ እኔ ጨርቁን ወጥሬ እይዝላት ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በመካከሉ አንድ ቀን "ያን ዕለት ለምን አላጋለጥሽኝም?" አልኳት።

"እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ነው" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ትንሽ ዘገዩ እንጂ።"

የደሳለኝ ክንድ ከወራት በኋላ ተነሣ። አሁን አብሳይ ሆኖ ይወጣል፤ ከባድ አይሸከምም፣ ግራ እጁም ቶሎ ይደክመዋል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል። እኔ ጡረታ እስክወጣ አራት ዓመት በአያልነሽ ሥር ሠራሁ። ቅናቱ ጠፋ ብል እዋሻለሁ። ደንበኛ ስሟን ሲጠራ እስከ መጨረሻው ቀን ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይጫነኝ ነበር። ይሁን እንጂ እንዴት እንደምትለካ እያየሁ ተማርኩ፤ የማላውቀውንም ጠየቅኋት።

አሁን በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ቦርሳ በቁመት አይመረጥም፤ ጀርባ ተለክቶ ነው። ቀበቶው በዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ፤ የዕቃው ክብደት አብዛኛው እዚያ ላይ ይውደቅ። የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ፣ ዳገት ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሂዱበት። ከወረዳችሁ በኋላ የት እንዳመማችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ በእናንተ ቃል ተማምኖ የሚሸከም ሌላ ሰው አለ።