ከድመቱ ፊት ያነሳሁት የውሃ ሳህን

የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ራሴን እወጋለሁ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ስለ በሽታዬ ግን ከመድኃኒቱ ማሸጊያ ከሚወጣው ወረቀት ጀምሮ እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤአለሁ። በሶዶ ሰፈራችን ስኳር የተገኘበት ሰው ምክር ሲፈልግ ወደ እኔ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ሳላውቅ አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ያሳደገችው ወንድ ድመት አለን። ባለፈው በጋ ውሃ ማብዛት ጀመረ። ሳህኑን ባዶ ያደርግና ጓዳ ገብቶ የበቆሎው ጆንያ ላይ ይሸናል። እኔ በቤቴ ሥርዓት የማጠብቅ ሰው ነኝ፤ ልጆቼም በዚሁ አድገዋል። ሳህኑን አነሳሁና ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ብቻ ጥቂት እንዲሰጠው አዘዝኩ።

«አባዬ፣ ጠምቶት እኮ ነው» አለች ልጄ።

«አመል ነው። አንቺ ነሽ ያቀበጥሽው።»

«አመል ከሆነ ለምን ይከሳል?»

«ያን በቆሎ አጥበሽ ስታሰጪ ይገባሻል» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጓዳ ስገባ የረጠበውን ጆንያ ጉንዳን ወርሮታል። ቆሜ ቀረሁ። የእኔም በሽታ የታወቀው እንዲሁ ነበር። ከጓሮ እንሰቱ ሥር የሸናሁበትን ቦታ ጉንዳን ሲወረው እናቴ አይታ ነው ሐኪም ቤት የሰደደችኝ። ጥማቱ፣ ሽንቱ፣ እየበሉ መክሳቱ፣ ሁሉም በራሴ ሰውነት ያለፈ ነው። እዚያው ገባኝ። ሳህኑን ግን አልመለስኩም። ልጄ ፊት ቃሌን ማጠፍ አሳፈረኝ፤ እስከ ነገ ይቆይ አልኩ።

በማግስቱ ድመቱ መቆም አቃተው።

በዘንቢል አድርገን በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። በሬ ይዞ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ዘንቢሉ ውስጥ አጮልቆ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ከማን ጋር ይጠመዳል?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

ሐኪሟ የድመቱን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተነሳ ቀረ።

«በጣም ደርቋል። ውሃ ይጠጣል?»

«ይጠጣል» አልኩ።

«እንደ ልቡ?»

«እንደ ልቡ።»

ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ መሬት መሬት አየች። በልጅነቷ ዋሸች ብዬ የገረፍኳት ልጅ ናት።

«እየጠጣ እንዲህ ከደረቀ ኩላሊቱ ሳይበላሽ አይቀርም፣ አባቴ» አለች ሐኪሟ። «እሱን የምንመረምርበት መሣሪያ እዚህ የለንም። ከሚሰቃይ በመርፌ እንዲያርፍ ብናደርገው ይሻላል።»

ልጄ አሁንም ዝም። አባቷን በሰው ፊት ከምታዋርድ የምትወደውን ድመት ለሞት ልትሰጥ ነው። ይህን ዝምታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ውሃ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ አራት ቀን ሆነው። ስኳር ይመስለኛል። እኔም አለብኝ።» የስኳር መለኪያዬን ከኪሴ አወጣሁ።

ሐኪሟ የጆሮውን ጫፍ ወጋች። መለኪያው ቁጥር እንኳ አልሰጠም፤ ከልክ በላይ መሆኑን ብቻ አሳየ። መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጠችው። ከዚያ አንድ ነባር ሐኪም በስልክ ጠይቃ፣ እኔ ከምወጋው ኢንሱሊን እጅግ ጥቂት አስጀመረችው።

«ሳይበላ እንዳይወጉት። ውሃ ደግሞ መቼም እንዳይጎድለው» አለች። ይህን ስትል ያየችው ልጄን ነው።

አሁን ጠዋትና ማታ በቤታችን ሁለት ሕመምተኞች እንወጋለን። መድኃኒታችን ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠች አንዲት ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል። ልጄ ዓሣ አብልታ ትይዘዋለች፣ እኔ እወጋዋለሁ። ይህን የሚያነብ ወላጅ ካለ፣ ልጅህ ፊት ቃልህን ብታጥፍ አትዋረድም እለዋለሁ። ለልጄ ግን ይህን እስከ ዛሬ በአፌ አልነገርኳትም።

ድመቱ መርፌውን አይፈራም። ውሃ እየጠጣ እኔ ስገባ ግን ቀና ይልና ከሳህኑ ይሸሻል። ልጄ ታያለች። ሳህኑን እሞላና ጠጥቶ እስኪጠግብ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ።