ጥራዝ ነጠቁ ጠራዥ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ «ጥራዝ ነጠቅ» ይሉታል። ሥራው መጽሐፍ መጠረዝ ነው፤ ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከሚሰፋው ላይ እያነበበ ነው። ማስታወሻውን የሚጽፈው ከመቁረጫው ሥር በሚለቅመው ትራፊ ወረቀት ሲሆን፣ አልጋው ሥር ሦስት ካርቶን ሞልቶበታል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ላይ ሙጭጭ ብሏል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ በሦስተኛው ምዕራፍ የሞተ ባል በስድስተኛው ተነሥቶ ጫማ ይገዛል። ምሁራኑ «ሞትን እንቢ ያለች ነፍስ ምሥጢር» እያሉ ስንት ገጽ ጽፈውበታል! እሱ ግን ምንም ምሥጢር አልታየውም። የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ የጠረዘው ሰው ሁለት ጥራዞችን፣ ማለትም ታጥፈው የሚሰፉ የገጽ እጥፎችን፣ አቀያይሮ ሰፍቷቸዋል፤ አታሚውም እንዳለ አትሞታል፤ በቃ።

ይህን ለማረጋገጥ ዋናውን የእጅ ጽሑፍ ማየት ነበረበት። ጽሑፉ የተቀመጠበትን የቤተ መጻሕፍት ደጅ ስንት ጊዜ ጠና!

«ከየትኛው ተቋም ነዎት?» ትለዋለች የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ።

«ከቤቴ ነኝ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ደብዳቤ ያምጡ።»

ከቤቱ ማን ደብዳቤ ይጻፍለት? ሚስቱማ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትስቅበታለች።

ሳይደግስ አይጣላም፤ አንድ ማክሰኞ ያው የእጅ ጽሑፍ ክሩ ተበጥሶ፣ እንደገና እንዲጠረዝ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣ። ገለጥ ቢያደርገው፣ ብል የበሳው ቀዳዳ ከሁለተኛው ጥራዝ ይነሣና በመካከል ያሉትን ዘሎ ስድስተኛው ላይ ይቀጥላል። ብል ደግሞ እንደ ምሁር ገጽ አይዘልም፤ የስድስተኛው ጥራዝ ቦታ ከሁለተኛው ቀጥሎ ነበር። ብቻውን ሳቀ። ጥራዞቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሰፋቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለሆነው ዶክተር ስድስት ገጽ ማብራሪያ ጽፎ በፖስታ አሽጎ አብሮ ላከ። ማታ ሚስቱን «ስሜን በመጽሐፍ ታይዋለሽ» አላት፤ ያን ቀን አልሳቀችም።

በሳምንቱ መጽሐፉ ተመለሰ። ፖስታው እንደታሸገ ነው። ከላይ አንድ ወረቀት ተያይዟል፦ «ጠራዡ ጥራዞቹን አዛብቷል። በታተመው ቅደም ተከተል ይስተካከል።»

አለቃው በቁጣ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርተህ ሠርተህ አሁን ትሳሳት?»

«ጋሼ፣ ስህተቱ የኔ አይደለም። ይኸው ቀዳዳውን ይዩት...»

«ቀዳዳ ምን ይሠራልኛል? ስፋና ስጠኝ!»

አንዲት ፖስታ መክፈት ይህን ያህል ይከብዳል? ክሩን በምላጭ ተረተረና ጥራዞቹን አንድ በአንድ ወደ ስህተታቸው መለሳቸው። መርፌው ጣቱን ሁለቴ ወጋው።

ሲጨርስ የመረከቢያ ቅጹን አቀረቡለት። «ስህተቴን አርሜያለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የጠራዡ ስምና ፊርማ። ስሙን ጻፈ፤ ፈረመ።