አስቤስቶስን የቀበርኩ ለት

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ውስጥ የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ። ከኮርስ በተመለስኩ ሰሞን ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሞጣ ላይ የአንድ መጋዘን የአስቤስቶስ ጣሪያ በንፋስ መፈራረሱን ስሰማ ገሰገስኩ። ብናኙ ሳንባ እንደሚጎዳ ተምሬያለኋ!

ስብርባሪው እንዳይቦን ውሃ አርከፈከፍኩበትና በእርጥብ አቡጀዲ ጠቀለልኩት። ጋሪ ስላልተገኘ፣ እኔና አንድ የቀን ሠራተኛ አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ሸፍነን፣ በቃሬዛ ተሸክመነው ከከተማው ዳር ወዳስቆፈርኩት ጥልቅ ጉድጓድ ተነሣን።

መንገዳችን በገበያው መሐል ነበር። በነጭ የተጠቀለለ ነገር በቃሬዛ ሲሄድ ያየ ሁሉ ገበያውን ትቶ ተከተለን። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብለው፣

“ወንድሜን፣ ማን ነው የሞተው?” አሉኝ።

“አስቤስቶስ ነው!” አልኩ ከሻሹ ሥር።

“እኔን! የሰማዕት ስም ይዞ!” ብለው ለቅሶውን አቀለጡት።

ላስረዳ ብሞክር በለቅሶው መሐል ማን ይስማኝ! አፈሩ ሲመለስ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። የሟች ዘመድ መስያቸው ሁሉም በየተራ “እግዜር ያጥናህ” አሉኝ። እኔም “አሜን” አልኩ።

ሰዉ ሲበተን አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር ብቻ ቀሩ። በኀፍረት እግራቸው ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

“አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የቀበርኩት ሰው አይደለም፤ የጣሪያ ስባሪ ነው።”

“አውቃለሁ” አሉ እየሳቁ። “ጠዋት መጋዘኑ ደጃፍ ስባሪውን ለቤቱ የሚሻማውን ሰው ‘አትንኩት’ እያልክ ስትጮህ ማን ሰማህ? አሁንስ ዝም በል፤ የተቀበረ ጣሪያ ቢሆን ነገ ቆፍረው ይወስዱታል፤ መቃብር ግን ማንም አይነካም!”